ባንዲራ ላይ የሌለው ቀለም

የያዙኝ ሐምራዊ ሳቲን ላይ ጎንበስ ብዬ ስዘመዝም ነው። ፒያሳ ያለችው ሱቄ በሯ ጠባብ ስለሆነ ሦስት ሰው ተከታትሎ ሲገባ ውስጡ ጨለመ፤ እኔም መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና አልኩ። ሁለቱ ፖሊሶች ነበሩ። ሦስተኛው ሲቪል የለበሰ፣ የሱሪው እግር የተተረተረ ሰውዬ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝና ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማየው ስፌቱን ነው፤ ያን ቀንም አመሌ አልለቀቀኝም።

ጠረጴዛዬ ላይ ነጭ፣ ቢጫና ሐምራዊ ጨርቅ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ተዘርግቷል። ታቦር ተራራ አካባቢ ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ለበዓላቸው መድረክ ላይ ሊሰቅሉት ያዘዙኝ ነው። ሲቪል ለባሹ ጫፉን በሁለት ጣቱ አነሳና «የማን ባንዲራ ነው?» አለኝ።

«ባንዲራ አይደለም። የመዘምራን መጋረጃ ነው።»

«ሦስት ቀለም ነው እኮ።»

እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጣ። በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ በባንዲራ ነገር ተወጥሮ ነበር፤ የትኛው ይሰቀል፣ ዓርማ ይኑረው አይኑረው እየተባለ ባጃጁ ላይ የለጠፈ ሳይቀር ይያዝ ነበር። እኔ ደግሞ ደንበኛ ያዘዘኝን ሁሉ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተከተልኳቸው። ጨርቁን፣ መርፌዬንና የክር ጥቅሌን በፌስታል ይዘው መጡ።

መርማሪው በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለኝ፦ «አረንጓዴ ልምላሜ ነው። ቢጫ ተስፋ ነው። ቀይ መስዋዕትነት ነው። የእናንተ ሐምራዊ ምንድን ነው?»

«የእናንተ» ሲለኝ ነው የፈራሁት። እስከዚያ ድረስ ብቻዬን ነበርኩ።

«ቀለም ነው፤ ያምራል ብለው ነው» አልኩት።

«እስክታስታውስ እንጠብቅሃለን» አለና አስወጣኝ።

የገባሁበት ክፍል ጠባብ ነው። የሰው ላብ፣ የበረኪናና የቆየ ሽሮ ሽታ አንድ ላይ ተቀበለኝ። በፍርግርግ የታጠረው መስኮት ወደ ግቢው ያሳያል፤ የባንዲራው ምሰሶና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ የሐይቅ ወፎች የሰፈሩበት አንድ ትልቅ ዛፍ ይታያሉ። ግድግዳው ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፍራሻቸውን ጠጋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በምን እንደገቡ ስጠይቃቸው «ስብሰባ ላይ ጥያቄ ጠየቅሁ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኛ ሁላችን ጋሼ እንላቸው ነበር።

በምን እንደተያዝኩ ስነግራቸው ግን ከት ብለው ሳቁ።

«ሐምራዊ ባንዲራ ብለው? ኧረ እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት አልሄዱም!» ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። «ስማ ልጄ፣ ዓለምን ብትዞር አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሞልቷል፤ ከእኛም አይተው የወሰዱ ብዙ ናቸው። ሐምራዊ ግን የለም። አንዲት ትንሽ ደሴት በቀቀኗን ሐምራዊ ቀብታ ባንዲራዋ ላይ አስቀምጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ፈልገህ ብታገኝ አንድ ብታገኝ ነው።»

«ለምን ጋሼ?»

«ውድ ነበራ! በድሮ ጊዜ ማቅለሚያው የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ለአንድ ካባ ስንት ቀንድ አውጣ ያልቃል። ለንጉሥ ልብስ ሲሆን እሺ፤ ዝናብና ፀሐይ ለሚጨርሰው ጨርቅ ማን ያወጣል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የመዘምራኑን ቀሚስ የሰፋኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ባለቤቴን ታውቃታለህ። እጅጌውን አስረዝምልኝ ያለችህ እሷ ናት።»

ወዲያው ሴትየዋን አስታወስኳቸው። ክንዳቸው ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ ነበር። የሌሎቹን እጅጌ እስከ አንጓ ስለካ እሳቸው «የእኔን ትንሽ ወረድ አድርገው የኔ ልጅ፣ እጄን ሳነሳ እንዳይታይ» ብለውኛል። ቀለሙንም የመረጡት እሳቸው ነበሩ። ሌሎቹ ሰማያዊ ይሁን ሲሉ ሐምራዊውን ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መስታወት ፊት ቆሙና ነገሩ አለቀ።

«አሁን ደህና አይደለችም» አሉ ጋሼ። «ኩላሊቷ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት ከመስኮቱ አይርቁም። ስንቅ የምታመጣላቸው ጎረቤታቸው ነበረች፤ ሳህኑን ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ባለቤታቸው ነው።

አንድ ቀን ጎረቤቲቱ እሳቸውን ሳታስጠራ የክፍላችንን ካቦ፣ የእስረኞቹን አለቃ፣ አስጠራች። ካቦው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ወሬኛና ቀልደኛ ሰው። ሲመለስ ግን ፊቱ ሌላ ሆኗል። አንድ በአንድ ወደ በሩ ጠራንና በጆሯችን ነገረን፦ የጋሼ ባለቤት ጠዋት አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

አሁኑኑ እንንገራቸው ያለ አልነበረም። መርዶ እንዲህ በድንገት፣ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሳህን ይዞ እያለ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ነው። እስር ቤትም ብንሆን ወጉን መጠበቅ ነበረብን። እስከዚያ እኛ ለቀብሩ የሚወጡበትን መንገድ እንፈልጋለን ተባባልን።

መንገዱ ወደ እኔ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሞ «ልብስ ሰፊው ማነው?» አለ። ከከተማው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ የጣቢያውን ባንዲራ ጫፍ በጫፍ ተርትሮታል፤ ነገ እንግዳ ይመጣል ተብሏል። ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ሳጅኑ ኤግዚቢት ክፍል ገብቶ የገዛ ፌስታሌን ይዞልኝ መጣ።

«ክሩ ሐምራዊ ነው እኮ» አልኩት።

«ከታች ሆኖ ማን ያየዋል? ስፋ!»

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደሩ ሥራውን ሊያይ ሲመጣ ተነስቼ ቆምኩ። «ኮማንደር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» ብዬ ስለ ጋሼ ነገርኩት። በአጃቢ፣ በካቴናም ቢሆን፣ ባለቤታቸው አፈር እስኪለብሱ ብቻ። «ነገ እናያለን፤ አንተ መጀመሪያ ይህን ጨርስ» አለ። የደረት ኪሱ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ሳይጠይቀኝ እሱንም ሰፋሁለት። ክሩን በጥርሴ ስበጥስ ፊቴ ደረቱ ላይ ነበር፤ ያን ያህል ቀርቤ ለምኜዋለሁ ማለት ነው።

ስዘመዝም ጋሼ በመስኮቱ ያዩኝ ነበር።

«ምን ዓይነት ክር ነው የሰጡህ?» አሉኝ ጮክ ብለው።

«ሐምራዊ ነው ጋሼ!»

«አይ አንተ! የአገሬን ባንዲራ ሐምራዊ አስገባህባት!» ሳቁ። «ለባለቤቴ እነግርልሃለሁ፣ ደስ ይላታል።»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ከእስሩ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ጎህ ሲቀድ ካቦው ኮት ከአንዱ ተውሶ ለበሰ። ሁላችንም ፊታችንን ተጣጥበን ዙሪያቸውን ተቀመጥን። ጋሼ ዓይናቸውን ሲገልጡ ኮቱን አዩት። በዚያ ሙቀት ካቦውን ኮት ለብሶ አይተውት አያውቁም።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ትናንት ጠዋት ጋሼ» አለ ካቦው፤ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋበት።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ያለቀስነው እኛ ነበርን። ወደ እኔ ዞረው «ጠባሳዋን ሸፍነው ገንዘዋት ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ የማውቅ ይመስል።

ከዚያ ኮማንደሩ ይፈቅድላቸው ይሆናል ብለን ካቦው የለበሰውን ኮት አለበስናቸው። ኮቱ ሰፋቸው፤ ጀርባው ላይ በመርፌ ሰብሰብ አደረግሁት። መርፌዋን ሳጅኑ ሳይቆጥር ቀርቶ ኮሌታዬ ውስጥ ነበረች። ጸጉራቸውን በውኃ አስተኝተው በሩ ሥር ተቀመጡ። እንግዶቹ መጡ፣ ባንዲራው ላያቸው ላይ እየተውለበለበ ግቢውን ዞሩ፣ ሄዱ። ኮማንደሩ በመስኮታችን ፊት ሁለቴ አለፈ። ወደ እኛ አልዞረም። የሰፋሁለት የኪሱ ቁልፍ ቦታው ላይ ነበር።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ ጋሼ።

«ዘጠኝ ተኩል» አለ ካቦው።

ያኔ ግድግዳውን ይዘው ተነሱና መስኮቱ ፊት ቆሙ። እኛም ከኋላቸው ቆምን። ማንም አላዘዘንም። ነፋሱ ባንዲራውን ሲዘረጋው ጫፉ ላይ ሐምራዊዋ መስመር ቀጭን ሆና ትታይ ነበር፤ እንዳለች ለሚያውቅ ሰው። ዘቡ በመስኮቱ በኩል መጥቶ «ማን ቁሙ አላችሁ? ቁጭ በሉ!» አለ።

«ቀብር ላይ ነን» አሉ ጋሼ፣ ከባንዲራው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ዘቡ ኮፍያውን አውልቆ በብብቱ ይዞ ሄደ። ጋሼ በራሳቸው ጊዜ እስኪቀመጡ ድረስ ቆምን።

እኔን ከጊዜ በኋላ የለቀቁኝ እንደያዙኝ ሁሉ ምክንያት ሳይነግሩኝ ነው። ጨርቁን አልመለሱልኝም። በጣቢያው በር ሳልፍ ዛሬም ቀና እላለሁ፤ ባንዲራው ተቀይሯል፣ የድሮው የት እንደወደቀ አላውቅም። ሐምራዊ ምን ማለት ነው ብሎ አሁን የሚጠይቀኝ የለም። ቢጠይቀኝ ግን መልስ አለኝ።

ባለፈው ሰሞን፣ እሳቸውም ከተፈቱ በኋላ፣ ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ሱቄ መጡ። ከብብታቸው የባለቤታቸውን የመዝሙር ቀሚስ አወጡ። መዘምራኑ ውስጥ በባለቤታቸው ቦታ አንዲት ወጣት ገብታለች፤ ቀሚሱ ይሆናታል፣ እጅጌው ብቻ ረዝሞባታል። «ቁረጠው» አሉኝና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

መቀሱን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ ዘመዘምኩት። ሲረከቡኝ እጅጌውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ እጥፋቱን ሲያገኙት እጃቸው እዚያው ቆመ። ቀሚሱን አንገታቸው ሥር አቅፈው ባጃጅ ጠሩ።