በገዛ እጄ የቋጠርኩት ሻሽ

ኮሮና ገብቷል ተብሎ ማስክ ያላደረገ ሰው መንገድ ላይ ይያዝ በነበረበት ሰሞን ነው። ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ያበግነኛል፤ በማን እንደምበግን ግን ለራሴም አይገባኝም።

ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ያበደን ሰው ጨርቁን ጣለ ይሉታል፤ የእኔ ወንድም ግን ሕመሙ ሲነሳበት ጨርቅ ያስራል። «አየሩ ተመርዟል፣ አፋችሁን ሸፍኑ» እያለ ፊቱን ጠቅልሎ በቁሐር ሚካኤል የሩዝ ማሳዎች መሀል ይዞር ነበር። አረም የሚያርሙት ጎረቤቶቻችን ይስቁበታል። እኔ መሳቅ አልችልም። አየሩ ደህና መሆኑን ለማሳመን ስንት ጊዜ ፊቱ ቆሜ በረጅሙ ተንፍሼ አሳይቼዋለሁ።

ኪኒን ከጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ ተሻለው። አንድ ቀን ጨርቁን ራሱ ፈታና አጥቦ አሰጣው። ያን ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው እኩል ሲያርስ፣ ሲያጭድ ኖረ።

ወሩ ደርሶ ኪኒኑን ልንወስድ ወረታ ገባን። አንዲት መኪና በድምፅ ማጉያ «አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አትጠጋጉ» እያለች ትዞራለች። ደሳለኝ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ መገናኛው ላይ ፖሊስ አስቆመን። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜያለሁ፤ እሱ ባዶ ፊቱን ነው።

«እህቴ፣ አፉን ሸፍኝለት፤ አለዚያ አያልፍም» አለኝ።

«ሕመምተኛ ነው ጌታዬ፤ ይኼን ካሰረ ይብስበታል።»

«ሁሉም ምክንያት አለው» አለና ፊቱን አዞረ።

ከኋላችን ያለው ሰው ያጉረመርማል። ኪኒኑ ያለቀው ትናንት ነው፤ መመለስ አልችልም። የራሴን ሻሽ ፈትቼ አፉ ላይ ቋጠርኩለት።

ደሳለኝ እንዳስርለት ፊቱን አቀረበልኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «አላልሁም ነበር እታለም? አሁን አንችም አመንሽ?» አለኝ።

አላመንኩም እንዳልለው የእኔም አፍ ተሸፍኗል።

ይኼ ሁሉ ሆኖ ጤና ጣቢያው ስንደርስ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ተቆልፏል። ነርሱ ትኩሳት ሊለካ ተመድቧል፤ ኪኒኑም አልመጣም ተባልን። ለአንድ በሽታ ሲሯሯጡ ሌላው በሽታ ፈቃድ የወጣ መሰላቸው? ከብዙ ምልልስ በኋላ ኪኒኑን ሳገኝ ደሳለኝ አልውጥም አለ። «ምን ሆኜ? መንግሥት እንኳ በመኪና እየዞረ እውነቴን መሆኑን ተናግሯል» አለኝ።

ዛሬ ኮሮናን የሚያነሳው የለም። ደሳለኝ ግን ሻሼን አልፈታም፤ ማረሱንም ትቷል። በቀደም ገበያ ላይ ባዶ ፊቱን የሚተራመሰውን ሰው ሲያይ ቆየና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«አየሽ እታለም፣ አገሩ ሁሉ ጨርቁን ጣለ» አለኝ።

ጎረቤቶቻችን ይኼን ሰምተው ሳቁ። እኔ አሁንም መሳቅ አልቻልኩም። ቋጠሮው የእኔ ነው።