ጋዝ አልክ፣ ጋዝ ሞላሁ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው የበጋ ሙቀት ከሚሴ ላይ ነው። ዛሬም «ጋዝ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ሙቀት አትችልም። ባቲ ላለ የዘመድ ሠርግ ልወስዳት ስል የመኪናዬ ኤሲ ማቀዝቀዝ ተወ። ሰፈራችን ካለ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄጄ «ጋዝ ሙላልኝ» አልኩት። ለምን እንዳለቀ እንኳ አልመረመረም። «አብሽር፣ አሁን በረዶ ይሆንልሃል» ብሎ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን በማዳበሪያ ከረጢት እንደሸፈነ ሞላው። እውነትም በረዶ ሆነ። እኔ ሞኙ መርቄው ወጣሁ።

ኮምቦልቻ ሳንደርስ ከጎኔ የተቀመጠው አጎቴ ሐሰን ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ ክብሪት ሊጭር ሲል እናቴ ከኋላ ጮኸች።

«ሐሰን፣ ተው! ቡታጋዝ ይሸተኛል። ያ ረቢ፣ እቤት ከፍቼው ወጣሁ እንዴ?»

አጎቴ ሳቀ። «የቤትሽ ቡታጋዝ እዚህ ድረስ ይከተልሻል?»

እኔንም ሸተተኝ። የሚወጣው ከኤሲው ነበር። ክብሪቱን ነጥቄው መኪናውን አቆምኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ በሮቹን ሁሉ ከፈትኩ። ከሙቀት ላድናት ያልኳትን እናቴን ማሽላ ማሳ ዳር ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሳይ ሞተችብኝ እያልኩ አለቀስኩ።

ሽታው ሲጠፋ፣ የእናቴም ትንፋሽ ሲመለስ፣ ኤሲውን ዘግተን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ ቀስ ብለን ኮምቦልቻ ገባን። እዚያ ያየው ባለሙያ ራሱን ያዘ። «የወጥ ቤት ጋዝ ነው የሞሉልህ! በእሳት ይያያዛል እኮ። መጀመሪያ የሚያፈሰው ቦታ ይፈለጋል፣ ይደፈናል። ከዚያ በፓምፕ አየሩ ወጥቶ፣ ኮፈኑ ሥር የተጻፈው ዓይነት ጋዝ ብቻ ተመዝኖ ይሞላል።» እንዳለውም አድርጎ ሠራልኝ።

ከሚሴ ስመለስ መካኒኩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋዝ አልክ፣ ጋዝ ሞላሁ። አልቀዘቀዘም?» ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፤ እሱው አትርፏችኋል» ብሎ ለእርቅ እጁን ዘረጋ። የተሰበሰቡት ሽማግሌዎችም «ሶብር አድርግ፣ ታገስ» አሉኝ።

ያተረፈን አላህ ነው፣ አልካድኩም። ግን ሲሊንደሩን ማዳበሪያ ያለበሰው ቀደር ነው? ያላወቀ ሰው ምን ይደብቃል? አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

እናቴ ይቅር ብላዋለች። እሱም በደጁ ባለፍኩ ቁጥር «አካም ጅርታ! ደህና ነህ? ኤሲው እንዴት ነው?» ይለኛል።

ኤሲው በርዷል። እኔ ግን አልበረድኩም።