በእትዬ ፋንታ የሳብኩት ትንፋሽ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ አያውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ንስሐ ስገባ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ነው መሰለኝ ድፍረቱ የመጣልኝ።

ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፤ እትዬ ብርሃኔ እላቸዋለሁ። ፍሩትቬል በሚባለው የኦክላንድ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ፣ ባለ ሰባት ደረጃ አሮጌ ቤት ነበራቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ቀሩ። ሚኪ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ሚኪ ጎዳና ላይ ነው የሚኖረው፤ ስልክም አድራሻም የለውም። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ መጥቶ በሩን ያንኳኳል፤ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ልብስ ቀይሮ ይሄዳል። ቤቱን ሸጠው እኔ ዘንድ ሳን ሆዜ እንዲገቡ በለመንኳቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር። «ሚኪ የሚያውቀው ይኼን በር ብቻ ነው።»

እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ወጥቼ በዚያ በተጨናነቀ መንገድ ኦክላንድ እመላለስ ነበር። አንድ ጠዋት ደግሞ ደረጃው ላይ ወደቁ፤ ጎረቤታቸው ሮሳ እስክታገኛቸው ድረስ መነሳት አቅቷቸው እዚያው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። ይህን የማወራው ራሴን ነፃ ለማውጣት ይሆን? ብዙ ሰው ይደክመዋል። ስለደከመው ግን እኔ ያደረግኩትን አያደርግም።

ቤቱን በእርሳቸው ስም ለመሸጥ ውክልና ያስፈልገኝ ነበር፤ ውክልናው ደግሞ ፊርማ አረጋግጦ ማኅተም የሚመታ ኖተሪ ፊት መፈረም አለበት። ኦክላንድ ውስጥ የሁላችንን ታክስ የሚሠራ ሐበሻ ኖተሪ አለ። ወደ እሱ አልወሰድኳቸውም። ለምን? በአማርኛ ይጠይቃቸዋላ። ሚኪንም ከልጅነቱ ያውቀዋል። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚደረገውን መረጥኩ፤ ደረጃ እንዳይወርዱ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ውሸቱ የጀመረው ከዚያ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ከፈትኩት። የመታወቂያቸውን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ከዚያ እውነት እርሳቸው መሆናቸውን ለማረጋገጥ ኮምፒዩተሩ ራሱ ጥያቄ ደረደረ፤ አንዱ ከእነዚህ መንገዶች በየትኛው ላይ ኖረዋል የሚል ነበር። እትዬ ሚኪን አራስ ሆነው የታቀፉበትን አፓርታማ መንገድ ሲያዩ ሳቁ። «ይኼ ዕቃ ደሞ ይኼን ከማን ሰማ?» አሉኝ። ያ ሳቃቸው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ቀጥላ ኖተሪዋ ስክሪኑ ላይ መጣች፤ ሌላ ስቴት የምትኖር፣ መነጽር ያደረገች ትሑት ሴት። ሁሉም ነገር በቪዲዮ እንደሚቀረጽና ቅጂው ለዓመታት እንደሚቀመጥ ነገረችን። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ኮምፒዩተሩን የማግዛቸው እኔ አለሁ አልኩ። ማገዝ እችላለሁ፣ መልሱ ግን ከእርሳቸው ብቻ መምጣት አለበት አለችኝ። እሺ ብዬ ካሜራው ከማያየኝ ቦታ፣ ከላፕቶፑ ጀርባ ቆምኩ።

እትዬ እንግሊዝኛ ይሰማሉ። አዎ ሲሉ ግን እንደ አገራችን ሰው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። ኖተሪዋ መጀመሪያ አሟቸው መስሏት ደነገጠች። በእኛ ዘንድ አዎ ማለት ነው ብዬ አስረዳኋት፤ እትዬም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገባት። ስምዎ ይህ ነው? ሳብ። ሰነዱ ተነቦልዎታል? ሳብ። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ መራራውን ዘልዬ።

ከዚያ መራራውን ኖተሪዋ ራሷ ጠየቀች። በዚህ ወረቀት የእህትዎ ልጅ ዳግመኛ ሳታማክርዎ ቤቱን ልትሸጥ እንደምትችል ተረድተው፣ በራስዎ ፈቃድ ነው የሚፈርሙት?

እትዬ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ዝም አሉ። ኖተሪዋ ጠበቀች። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። አፌን ከፍቼ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

እኔ ነኝ የሳብኩት። አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። ኖተሪዋ አመስግና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። «እዚህ ጋ ይጫኑት፣ እትዬ» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ተጫኑት። ማኅተሙ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

አራት ዓመት ሆነው። ቤቱ ተሸጠ፤ እትዬ ሳን ሆዜ የኋለኛው ክፍላችን ውስጥ ናቸው። ሚኪ ቢመጣ ይደርሰው ዘንድ አድራሻችንን ለገዢዎቹ እሰጣለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ቀረ።

ባለፈው ኅዳር ሮሳ ደወለችልኝ። ሚኪ መጥቶ ነበር። አዲሶቹ ሰዎች እናቱ የት እንደሄዱ አናውቅም ብለውታል። ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ከማዶ ያየ ሰው አለ፤ ሮሳ ከሥራ ስትመለስ ግን ሄዷል። ከፍሩትቬል እስከ ኤመሪቪል የጎዳና አዳሪዎች በሚጠለሉበት ድልድይ ሥር ሁሉ ስፈልገው ዋልኩ፤ አላገኘሁትም። ቤት ስገባ እትዬ የት ዋልሽ ሲሉኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። አሁንም የበር ደወል ሲጮህ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። እኔም ከፊታቸው ቆሜ አያለሁ።

ያን ቀን ትንፋሼን ሰምተውት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። መጠየቅም አያስፈልገኝም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እትዬ ለእኔ ትንፋሽ ስበው አዎ ብለውኝ አያውቁም። ሻይ ላምጣልዎ? «የስ» ይሉኛል፣ በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርገው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። ሌላ ሰው በእርሳቸው ፋንታ ሊለው በማይችል ቃል።

ደክሞኝ ነበር ብዬ ይቅርታ አልለምንም። ነገ ከቅዳሴ መልስ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሚኪ እንደመጣ እነግራቸዋለሁ። ያን ትንፋሽ የሳብኩት እኔ መሆኔንም እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ይቅር ይሉኝ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ዝም ሊሉ ይችላሉ። ዝም ካሉ፣ በዚህ ጊዜ እጠብቃለሁ።