መድረክ ላይ የተቀዳው ካሴት

በደርግ ጊዜ ነው፣ ናዝሬት። ጓደኛዬ ደረጀ ቤት ሆነን፣ አንድ የፈረንጅ ሮክ ባንድ መድረክ ላይ የተቀዳውን ካሴት እየሰማን እንጨቃጨቃለን።

«ባንድ የሚለየው መድረክ ላይ ነው!» ይላል ደረጀ።

«የቱ ባንድ? ግማሹ የሕዝብ ፉጨት ነው፤ ዘፋኙም ጉሮሮው ተዘግቷል» እያልኩ አጣጥልበታለሁ።

ድንገት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሽጉጡን እንደታጠቀ በሩን ገፍቶ ገባ። የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ስንሰማ ተያዝን፣ አለቀልን አልኩ በልቤ። ደረጀ ቴፑን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ሰውየው «ተወው!» ብሎ ጮኸበት። ፊቱን እንዳጨፈገገ ዘፈኑን ቆሞ ጨረሰው።

ከዚያ ደረጀን ከላይ እስከ ታች በንቀት አየውና፣ «አንተን ብሎ ሮክ ሰሚ! ስቱዲዮ የቀዱት እያለ ይሄ ጫጫታ ይሰማል?» ብሎ በሩን በላያችን ወርውሮ ወጣ።