«ደምሪ» የማይሉት ጋሼ ወልደገብርኤል

ጋሼ ወልደገብርኤል ሁለት ቃል ከአፋቸው አይወጣም፦ «ደምሪ» እና «ጎበዝ»። ሲያስጠኑኝ የመደመሩን ምልክት እንኳ «ፕላስ» ነው የሚሉት። አሁን ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ፤ አገር ቤት ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። እኔ ሰሊማ ደግሞ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። ነርሲንግ ለመማር የኮሌጁን የሒሳብ ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። ሁለቴ ወድቄ የመጨረሻዋ ዕድል ብቻ ቀርታኝ ነበር።

«ሁለት ሎግ ሦስት፣ ፕላስ ግማሽ ሎግ አሥራ ስድስት። አንድ ሎግ አድርጊው» አሉኝ አንድ ማታ ትኬት መቁረጫዋ ክፍላቸው ውስጥ፣ የትኬት ጀርባ ላይ ጽፈው።

«ሁለቱ የሦስት ፓወር ይሆናል፤ ዘጠኝ። ግማሹ ስኩዌር ሩት ነው፤ የአሥራ ስድስት፣ አራት። ከዚያ ዘጠኝና አራትን ስደምር...»

«አባዢ! በሎግ ፕላስ ማለት ቁጥሮቹን ማባዛት ነው!» ብለው ጮኹብኝ።

እኔም ቁጣ አላጣም። «ምነው ጋሼ! ተሳሳትኩ እንጂ ሰው ገደልኩ?»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ነገሩኝ። በ1989 የማትሪክ ዕለት ጠዋት፣ ብዙነህ የሚባል ተማሪያቸው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለት ሎግ እንዴት አንድ እንደሚሆን ጠየቃቸው። ቸኩለው «አንድ ላይ ደምራቸው» አሉት፤ አንድ ሎግ አድርጋቸው ማለታቸው ነበር። ልጁ ከፈተናው እየሳቀ ወጣ።

«እንዳሉኝ ዘጠኝና አራትን ደመርኩ ቲቸር፣ አሥራ ሦስት መጣ!»

እውነቱን መናገር አፍረው «ጎበዝ» አሉት። ለጥቂት ወደቀ። ወታደር ሆነ፤ ባድመ ላይ ቀረ።

«በዚያች ጥያቄ መውደቁን ማን ነገርዎት?»

«ማንም። ግን ይመጣል። እዚህ መስኮት ላይ ቆሞ 'አሥራ ሦስት' ይለኛል።»

ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም። ፈራሁ፣ አልዋሽም።

ፈተናው ላይ ያችው ጥያቄ መጣች። ምርጫው ውስጥ ሎግ አሥራ ሦስትም አለ። ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ አንገቴን ቀዘቀዘኝ። ያ ረቢ! ብዬ ዘጠኝን በአራት አባዛሁ።

ውጤቴን እንደያዝኩ ጋራዡ ሄጄ መስኮታቸውን አንኳኳሁ።

«ሠላሳ ስድስት አልኩ ጋሼ! አለፍኩ! ዛሬስ ጎበዝ አይሉኝም?»

ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። እንባቸው ወረደ።

«ጎበዝ፣ ብዙነህ» አሉ።

አላረምኳቸውም።