ከመንኮራኩር ወርዶ መሳለም

ዛሬም ቡሬን ሳልፍ ዓይኔ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ አያ ቢተው ከበቅሎ በቀር ምንም ላይ ወጥተው አያውቁም ነበር። በስልሳዎቹ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ሰው አሳፍሮ የሚሽከረከር ትልቅ መንኮራኩር ከተማው ሲመጣ ጎትቼ አሳፈርኳቸው። ጫፍ ላይ ስንደርስ የመንደራችን ጊዮርጊስ ከነጉልላቱ ከማዶ ብቅ አለ። አያ ብድግ አሉ።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ይወድቃሉ!» ብዬ ጋቢያቸውን ያዝኩ።

«ቤተ ክርስቲያን እያየሁ ሳልወርድ ልለፍ? ከበቅሎዬስ እወርድ የለም?»

ወንበሩ ተወዛወዘ፤ እኔ ጮህኩ፤ ባለመንኮራኩሩ ደንግጦ አወረደን። አያ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሊሳለሙ ቀና ቢሉ፣ ፊታቸው ያለው ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ወደ ባለመንኮራኩሩ ዞሩና፣

«ልጄ፣ ጊዮርጊስ ተሰወረብኝ፤ በል መልሰህ አውጣኝ» አሉት።