ለእትዬ ሲሆን

ሚጣ ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ የራሷ ፀጉር ቤት አላት፤ ምላሷ ድንጋይ ያስቃል። ቤት ስትገባ ግን ያው ሚጣ ናት፣ የእናቷ ትንሽ ልጅ። ታላቅ እህቷ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነች። ከእናታቸው ጋር ሦስቱም አብረው ይኖራሉ፤ ሚጣ እህቷን «እትዬ» ትላታለች።

ባለፈው ዓመት እትዬ ሐኪም ዘንድ ተመላልሳ ኦቲዝም እንዳለባት ተነገራት። «ለካ ሰው እንደሚለኝ ኩሩ ሆኜ አይደለም» ብላ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ሚጣን ቅናት የያዛት ያን ጊዜ ነው።

እናታቸው ቤቱን እንደ አዲስ አደላደለች። ጸጥ ያለው የጓሮ ክፍል ለእትዬ ሆነ፤ ሚጣ አውቶቡስ ጥሩንባውን ወደሚያስጮህበት የመንገድ ዳር ክፍል ተዛወረች። እንግዳ ሲመጣ እትዬ ሰላም ብላ ክፍሏ ትገባለች፤ «ተዋት፣ ደክሟት ነው» ይባልላታል። እንግዳ አጫውታ፣ ዕቃ አጥባ የምታመሸው ሚጣ ናት።

«እኔስ፣ እማዬ?» አለች አንድ ቀን። «የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ጆሮዬ ላይ ሲያጓራ ውሎ እኔን አይደክመኝም?»

«አንቺ ተኝተሽ ስትነሺ ይለቅሻል። እሷን አይለቃትም።»

መልሱ ከሚጣ አንጀት ጠብ አላለም። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ቀልድ አደረገችው። «እኔም ትንሽ ኦቲዝም አለብኝ መሰለኝ፤ የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲኑን በየቀለሙ ካልደረደርኩ ያመኛል!» ስትል ደንበኞቿ ይንከተከታሉ። «የኔም ባል አለበት፣ ስጠራው አይሰማ!» ትላለች አንዷ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማለት ይኸው ነው።

ወንድማቸው ሊያገባ ሲል ሚጣ እህቷን ፀጉርሽን እኔ ጋ ካልተሠራሽ ብላ ወተወተቻት። እትዬ ቤት ቢሆንልኝ ብትላትም «ካልመጣሽ ንቀሽኛል ማለት ነው» አለቻት። የልቧ ሐሳብ ሌላ ነበር። እትዬ እዚያ መቀመጥ ከቻለች፣ ነገሩ ሁሉ ሰበብ መሆኑን እናቷ ታያለች።

እትዬ ቅዳሜ መጣች፣ ቤቱ ጢም ባለበት ሰዓት። ካስኩ ያጓራል፣ በእጅ የሚያዘው ፎን ይጮኻል፣ የቀለሙ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፣ ቴሌቪዥኑ ለብቻው ይዘፍናል። እሷ ግን ሲያናግሯት ፈገግ ትላለች፣ ሲስቁ ትስቃለች። ጣቶቿ ብቻ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድደው ይዘዋል።

«ይቺ ናት ያልሽን? ምንም አይታይባትም እኮ!» አለች አንዷ።

«አላልኳችሁም?» አለች ሚጣ። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ፀጉሩ አልቆ መስታወት ስታቀርብላት እትዬ አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣም። ተነሥታ ዕቃ ቤቱ ገባች፤ ከፎጣዎቹ መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ትወዛወዝ ጀመር።

«እትዬ፣ ሰው እያየ!» ብላ ሚጣ ክንዷን ስትይዛት እሳት እንደነካው ሰው ሸሸቻት።

እናታቸው ተጠርታ መጣች። መብራቱን አጠፋች፣ በሩን ገርበብ አደረገችና ደጁ ላይ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። አልጠራቻትም፣ አልነካቻትም፤ ዝም ብላ ጠበቀች። ሚጣ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆማ አየቻት። እያፈረች፣ እየደነገጠች፣ ቅናቱ ከምንጊዜውም በላይ ነደደባት። እኔን ማን እንዲህ ደጄ ላይ ተቀምጦ ጠብቆኝ ያውቃል?

የእትዬ አፍ የተፈታው በማግስቱ ነው። ሚጣ የጓሮው ክፍል በር ላይ ቆመች።

«ደህና ነበርሽ እኮ፤ ትስቂ ነበር።»

«እሱ ሥራ ነው፣ ሚጣዬ። መቼ እንደሚሳቅ ከሰው ፊት እያነበብኩ ነው የምስቀው። አንቺ ሳታስቢው ትስቂያለሽ። እኔ በዚያ ስቀናብሽ ነው ያደግሁት።»

«አንቺ? በእኔ?»

«በማን ልቅና ታዲያ?» እትዬ አልጋውን እያነጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ክፍሉን ከፈለግሽ ውሰጂው፤ እንነጋገራለን። ግን “ትንሽ አለብኝ” አትበይ። አንቺን ሰምተው የሳቁ ሰዎች፣ እኔ አልቻልኩም ስል አያምኑኝም።»

ሚጣ ይቅርታ ልትል አስባ «ፀጉሩስ? አማረሽ?» አለች።

«ቆንጆ ነው» አለች እትዬ። «አንገቴን ይኮሰኩሰኛል እንጂ።»

ሠርጉ ላይ እትዬ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ተነሥታ፣ ወንድሟን ስማ፣ ሙዚቃው ሳይጀመር ታክሲ ያዘች። «ያቺ እህትሽ ዛሬም ኮራች?» አሏት አክስታቸው። ሚጣ ቀልድ አፏ ላይ መጥቶላት ነበር፤ ዋጠችው።

«አልኮራችም፣ አክስቴ። ጩኸቱ ያማታል። ያውም እስካሁን የቆየችው ለእኛ ብላ ነው።»

አክስት ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ያምኑ አያምኑ አልታወቀም። ሚጣ ታክሲው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር በዓይኗ ሸኘችው። አዲሱ ጫማ ተረከዟን ልጦታል፤ ገና የሚስተናገድ እንግዳ ሞልቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜም ቀናችባት።